ወርቃማውን ዘመን የፈረመው እጅ

ቁጥር፦ የለውም (የወጪ ደብዳቤ መዝገቡን ባለፈው ሰኞ ተረክባችሁኛልና)
ቀን፦ ወደ ንብረት መጋዘን ልወርድ አሥራ አንድ ቀን ሲቀረኝ

ለሰብአዊ ሳይንስ ፋኩልቲ ዲን
በቢሮዎ

ጉዳዩ፦ ለተደረገልኝ ሁሉ ምስጋና ማቅረብን ይመለከታል

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ ጤናዎ እንደምን እንደሆነ እጠይቃለሁ። ወገብዎ በአዲሱ ተሽከርካሪ ወንበር ተሽሎታል ሲባል ሰምቼ ከልቤ ደስ ብሎኛል፤ ፋኩልቲው የቆመው በእርስዎ ወገብ ነውና ወንበሩን ያበርታልን። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደኅና ነኝ። ጉልበቴም ቢሆን ቢሮዬ ሦስተኛ ፎቅ ላይ በመሆኑ እንጂ ሌላ ቅሬታ የለበትም፤ ለእርሱም ከመጪው ወር ጀምሮ ምድር ቤት ወዳለው የንብረት መጋዘን እንድዛወር በመወሰን ሐኪም ያላሰበልኝን አስበውልኛል።

ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የምጽፈው በፖስታ አሽጌ የላክኋቸው ሦስቱ መልስ ስላላገኙ ነው። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ለገቢውም ለወጪውም ቁጥር ስትሰጥ የኖረች ሴት፣ መልስ ያልመጣለት ደብዳቤ እንደ ትኋን ነው የሚበላት፤ እንቅልፍ አይሰጣትም።

አንባቢ እንዳይቸገር ራሴን ላስተዋውቅ። እኔ የቋንቋና ሥነ ጽሑፍ ትምህርት ክፍል ጸሐፊ ነኝ። ማኅተሙ ከመሳቢያዬ ስለማይለይ ተማሪዎች "እማማ ማኅተም" ይሉኛል። መምህራኑ ደብዳቤ ሲፈልጉ "እናታችን" ይሉኛል፤ ደብዳቤው ተፈርሞ ሲያልቅ "ጸሐፊዋ" እሆናለሁ። ጡረታ ልወጣ አሥራ አራት ወር ቀርቶኛል። በቅርቡ ግን ሁለት ሰነዶች በአንድ ሳምንት ወጡ። አንደኛው የትምህርት ክፍሉን የሃምሳ ዓመት ታሪክ የሚተርክ ባለ ጠንካራ ሽፋን መጽሐፍ ነው። ሁለተኛው አዲሱ መዋቅር ሲሆን፣ በእርሱ መሠረት የጸሐፊነት የሥራ መደብ "በትምህርት ክፍሉ የሃምሳ ዓመት ታሪክ ውስጥ ያበረከተው አስተዋጽኦ በሰነድ ያልተረጋገጠ በመሆኑ" ተሰርዟል። የኔ ልመና ደግሞ አንድ ብቻ ነው፦ የቀሩኝን አሥራ አራት ወራት እዚያው ጠረጴዛዬ ላይ ጨርሼ በክብር እንድወጣ ነው የምለምነው። ከልመናዬ በፊት ግን ምስጋናዬን በተራ ቁጥር ላቅርብ።

አንደኛ፦ ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ከውልደታችን እጀምራለሁ። ታሪካችንን እንዲጽፍ የተሰየመው ኮሚቴ አምስት ዶክተሮች ያሉበት ሲሆን፣ ሰብሳቢው ተማሪዎች "ዶክተር ተምሳሌት" የሚሏቸው የሥነ ጽሑፍ መምህር ናቸው፤ ዝናብ ሲመጣ ጃንጥላ ከመዘርጋታቸው በፊት ዝናቡ የምን ተምሳሌት እንደሆነ የሚያስቡ፣ በዚህም ምክንያት አዘውትረው የሚበሰብሱ ሰው ናቸው። ኮሚቴው ትምህርት ክፍሉ የተመሠረተበትን ዓመት ለማወቅ ስምንት ወር ከደከመ በኋላ፣ በመጨረሻ በኮሪደሩ ጫፍ ከቆመው ቁም ሣጥን ጀርባ በተመታች የንብረት ታርጋ ላይ ዓመተ ምሕረት አግኝቶ ጉዳዩን ዘግቷል። ቁም ሣጥኑ ከእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት በውሰት የመጣ መሆኑን፣ እዚያም ሳለ የከብት ክትባት ይቀመጥበት እንደነበር፣ የውሰቱንም ደብዳቤ የተየብኩት እኔው ራሴ መሆኔን መናገር የበዓሉን ድምቀት መቀነስ ይሆንብኛል። የትምህርት ክፍሉ ማቋቋሚያ ደብዳቤ ከጠረጴዛዬ በስተግራ፣ ሦስተኛው መደርደሪያ ላይ፣ "ማቋቋሚያ" የሚል በጉልህ በተጻፈበት ፋይል ውስጥ ነበር፤ አሁንም አለ። በእርሱ ከሄድን አርባ ሦስት ዓመታችን ነው። በስምንቱ ወር ውስጥ አንድ ሰው ቢጠይቀኝ ቁጭ ብድግ ብዬ አወጣለት ነበር። ዶክተር ተምሳሌትማ አንድ ቀን ያንኑ መደርደሪያ ተደግፈው ስቴፕለር ተውሰውኛል፤ እስከዛሬ አልመለሱም።

ስለዚህ በመጪው ሳምንት የምናከብረው የአንድ ቁም ሣጥን ሃምሳኛ ዓመት ነው። መልካም ልደት እመኝለታለሁ፤ ከብዙዎቻችን ይልቅ ለሀገር የሚጠቅም ነገር በሆዱ ይዞ ነበርና ይገባዋል።

ሁለተኛ፦ መጽሐፉ ትምህርት ክፍላችንን "ሁለት ክንፍ ያላት አንዲት ወፍ" ሲል ስለገለጸልን አመሰግናለሁ። የቋንቋ ክንፍና የሥነ ጽሑፍ ክንፍ መኖራቸው እውነት ነው፤ ወፏ ሁለቱን አንድ ላይ አራግባ ያየ ሰው ግን እስካሁን አልገጠመኝም። የቋንቋዎቹ ቢሮዎች ከኮሪደሩ በስተቀኝ፣ የሥነ ጽሑፎቹ በስተግራ ናቸው፤ የኔ ጠረጴዛ መሀል ላይ ስለሆነ የሚነጋገሩት በኔ በኩል ነው። ከቀኝ ወጥቶ "ለነዚያ ንገሪልኝ" የሚል አለ፣ ከግራ ወጥቶ "ለነዚህ ንገሪልኝ" የሚል አለ፤ ሁለቱ ግን እርስ በርሳቸው በሦስት እርምጃ ርቀት ላይ ቆመው ነው ይህን የሚሉኝ። የቋንቋው ክንፍ አንጋፋ፣ ተማሪዎች "ጋሼ ነጠላ ሰረዝ" ያሏቸው መምህር ናቸው፤ ስብሰባ ላይ የጀመሩትን ዓረፍተ ነገር ሲጨርሱ ሰምቶ የሚያውቅ የለም፣ እኔም ቃለ ጉባኤ ስይዝ የርሳቸውን ንግግር በሦስት ነጥብ ነው የማልፈው።

መተዳደሪያ ደንቡ የኃላፊነቱ ወንበር ከክንፍ ወደ ክንፍ በተራ ይዙር ይላል። የዛሬ ሃያ አምስት ዓመት ግን የጊዜው ኃላፊያችን ለአንድ ዓመት ትምህርት ብለው ባሕር ተሻግረው በዚያው ቀሩ። እኒህ ሰው ሁለቱንም ዘርፍ የተማሩ ስለነበሩ፣ በሹመታቸው ዘመን ሁለቱም ክንፎች "የኛ ናቸው" ይሏቸው ነበር፤ እንደቀሩ በታወቀ ማግስት ደግሞ ሁለቱም "የነሱ ነበሩና ተራው የኛ ነው" አሉ። ስብሰባ ተጠራ። ለምልዓተ ጉባኤ ከመምህራኑ ሁለት ሦስተኛው ያስፈልግ ነበር፤ ክንፎቹ ደግሞ እኩል ለእኩል ስለሆኑ፣ ድምፅ ሊሰጥ ሲል የምንሸነፍ መሰለን ያለው ክንፍ ብድግ ብሎ ለሻይ ይወጣል። "የኃላፊ ምርጫ አጀንዳ ለሚቀጥለው ስብሰባ ተላልፏል" የሚለውን ዓረፍተ ነገር ሰባ ዘጠኝ ጊዜ ተይቤዋለሁ። በሰማንያኛው ስብሰባ ጋሼ ነጠላ ሰረዝ ጉንፋን ይዟቸው ቀሩ፤ እርሳቸው ከሌሉ ማን ቀድሞ ለሻይ እንደሚነሣ ግራ የገባው የቋንቋ ክንፍም እንደተቀመጠ ድምፅ ተሰጠና ኃላፊ ተገኘ። በመካከሉ ሰባት ዓመት አልፎ ነበር።

በነዚያ ሰባት ዓመታት ተማሪ ይመዘገብ ነበር፤ የክፍል ድልድል ይወጣ ነበር፤ ፈተና ይባዛ፣ ውጤት ይለጠፍ፣ መመረቂያ ጽሑፍ ይጸድቅ፣ ተመራቂም ይመረቅ ነበር። ይህን ሁሉ ያስኬደው ወረቀት "የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ" ከሚለው መጠሪያ በላይ አንድ ፊርማ ነበረበት። ፊርማው የኔ ነው። የሄዱት ኃላፊ ሻንጣቸውን ይዘው በሩ ላይ ቆመው፣ ማኅተሙን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጠው "ቶሎ ቶሎ እየፈረምሽ አስተላልፊ፣ ሥራ እንዳይቆም፤ በዓመቱ መጥቼ እረከብሻለሁ" አሉኝ። ዓመቱ ሲደርስ አልመጡም። በሁለተኛው ዓመት ለበላይ አካል "ማን ይፈርም?" ብዬ በጽሑፍ ጠየቅሁ፤ "ጉዳዩ በሂደት ላይ ስለሆነ ሥራው በነበረበት ይቀጥል" የሚል መልስ መጣልኝ። ሥራው በነበረበት ማለት በኔ እጅ ነበር፤ ቀጠልኩ። መምህራኑም ያውቁ ነበር፤ ሁለቱም ክንፎች "ከነዚያ አንዱ ከሚፈርም እማማ ማኅተም ትፈርም" እያሉ ነው የኖሩት። አሁን ኮሚቴው ውስጥ ካሉት አምስቱ ሦስቱ ያኔ እዚያው ነበሩ፤ ዶክተርነት መርሳትንም ይጨምራል መሰለኝ።

ሦስተኛ፦ በመጽሐፉ ምዕራፍ አራት "ወርቃማው ዘመን" ተብሎ የተወደሰው ይኸው ሰባት ዓመት ነው። ኮሚቴው ፋይሎቹን ሲያገላብጥ፣ ውጤት በሰዓቱ የወጣበት፣ የተማሪ አቤቱታ ሳያድር መልስ ያገኘበት፣ የፈተና ቀን ያልተጋጨበት ዘመን ይኸው ብቻ ሆኖ አገኘውና ይህን ያደረገ ታላቅ መሪ መኖር አለበት ብሎ ደመደመ። ስሙን ማንበብ ስላልተቻለም "ከትሕትናው ብዛት ስሙን ከፊርማው ሥር ያልጻፈው፣ ባለ ጠመዝማዛ ፊርማው ምሁር" ብሎ ሰየመው። ዶክተር ተምሳሌት ለፊርማው አሥራ አንድ ገጽ ትንታኔ ሰጥተዋል። ፊርማው ከታች ተነሥቶ ሽቅብ መውጣቱ ምሁሩ በችግር ማደጉን፣ ጫፉ ላይ ተጠምዝዞ መመለሱ ወደ ሥሩ ያለውን ናፍቆት፣ ከሥር ያሉት ሁለት ነጠብጣቦች ደግሞ በጥላው ሥር ያቀፋቸውን ሁለቱን ክንፎች ያመለክታሉ ይላሉ። እኔ እንኳ የጠረጴዛው የግራ እግር አጭር ስለነበርና ብጣሽ ወረቀት አጣጥፌ ስላስደገፍኩት እጄ ሽቅብ የሚንሸራተት ይመስለኝ ነበር። ነጠብጣቦቹም እስክሪብቶው ያፈስ ስለነበር ነው። ይህን ያህል ጥልቅ መሆኔን ባውቅ ኖሮ ቀስ ብዬ እፈርም ነበር።

ጋሼ ነጠላ ሰረዝም በበኩላቸው የደብዳቤዎቹን ቋንቋ መርምረው፣ "አጭር፣ ቁጥብ፣ የማያሻማ" የሆነውን የአጻጻፍ ስልት ምሁሩ በውጭ ሀገር ከፍተኛ ትምህርት ቤት የቀሰመው መሆኑን አረጋግጠዋል። እኔ የተማርኩት እስከ ዐሥረኛ ክፍል ነው፤ ከዚያ በላይ የስድስት ወር የጽሕፈት መኪና ትምህርት አለኝ። አጭር የምጽፈው የመኪናው ጥብጣብ እንዳያልቅብኝ ነበር። ያም ሆኖ ሁለቱ ክንፎች በሃያ አምስት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድ ነገር ተስማምተዋል፤ የተስማሙትም በኔ ነው፣ እኔ መሆኔን ባያውቁም። ወንድ መሆኔን በምን እንደደረሱበት ግን መጽሐፉ አይገልጽም።

አራተኛ፦ የሄዱት ኃላፊ የቢሮውን ቁልፍ ሲተዉልኝ ከቁልፉ ጋር በተረፈ የፈተና ወረቀት ጀርባ ላይ "እስክመለስ አደራ" ብለው ጽፈውልኝ ነበር። ይህችን ወረቀት ለኮሚቴው የሰጠሁት እኔ ነኝ፤ ነገሩ ይገባቸዋል ብዬ፣ ሞኝ ነኝና። አሁን በመስታወት ሣጥን ውስጥ ተቀምጣ፣ ተሰናባቹ መሪ ቋንቋንና ኪነ ጥበብን ለመጪው ትውልድ ያስረከቡባት ታሪካዊ ቃል እንደሆነች ከሥሯ ተጽፎባታል። የተሰጠችው ለኔ ነበር። የአደራው ዝርዝርም ቁልፉ፣ ማኅተሙና በመስኮቱ ላይ ያለችው ተክል ነበሩ። ተክሏ ዛሬም በሕይወት አለች፤ መጪው ትውልድ አንድ ቀን እንኳ ውሃ አላጠጣትም።

አምስተኛ፦ በአዲሱ አዳራሽ ስለሚሰቀለው ሥዕል ልዩ ምስጋና አለኝ። አዳራሹ በባለ ጠመዝማዛ ፊርማው ምሁር እንዲሰየም ሲወሰን መልኩ ጠፋ። ሠዓሊው ምስኪን ሰው ነው፤ ዶክተር ተምሳሌት "ግርማ ሞገስ ያለው፣ ሐሳብ የተጫነው፣ ጢሙ ሸበት ጣል ያደረገበት ይሁን" ብለው ቢልኩት ጭንቅ ይዞት ቢሮዬ መጣ። "እትዬ፣ እርስዎ የቆዩ ነዎት አሉ፤ ሰውዬው ምን ይመስሉ ነበር?" ብሎ ቢጠይቀኝ ምን ልበለው? እንደኔው ናቸው አልኩት። ልጁ ቀልድ መስሎት ሳቀና፣ ብርሃኑ በትከሻ ላይ እንዴት እንደሚያርፍ ለማየት ብቻ ወንበሩ ላይ እንድቀመጥለት ለመነኝ። የሰው ኮት አልብሶ ሦስት ከሰዓት በኋላ ሣለኝ። ከዚያ በኋላ ነው ጢም የጨመረው። ስለዚህ በመጪው ሳምንት መጋረጃው ሲገለጥ እጆቹን የተመለከተ ሰው፣ ለታላቅ ምሁር ትንሽ አነስ ያሉ መሆናቸውን፣ የጣቶቹም ጫፍ በካርቦን ወረቀት የጠቆረ መሆኑን ያስተውላል። ሠዓሊው ያየውን የሚሥል ሐቀኛ ሰው ነው፤ እሱን ተዉት።

ስድስተኛ፦ አዲሱ መዋቅር በሥዕላዊ ሠንጠረዡ ላይ ለአሥራ አራት መምህራን አሥራ ሰባት የአስተባባሪ ሣጥኖች ስላዘጋጀ፣ ማንም ሰው አስተባባሪ ሳይሆን የሚቀር የለም። ሦስቱ ትርፍ ሣጥኖች እርስ በርሳቸው ይተባበሩ። በኔ ቦታ የተተካው "የመረጃ ፍሰት አመቻች" የሚባለው መደብ ባለሙያ እስኪገኝለት ክፍት ሆኖ እንደሚቆይ አንብቤአለሁ። ከኮሪደሩ በስተቀኝ ያሉት በስተግራ ካሉት ጋር እስከዚያ በምን እንደሚነጋገሩ መዋቅሩ ላይ ቀስት ፈልጌ አጣሁ።

ሰባተኛ፦ ሰባተኛው ስለ ሻይ ማፍያው ነበር፤ ሰርዤዋለሁ። ትንሽ ነገር አነሣች እንዳልባል።

ስምንተኛ፦ ባለፈው ሐሙስ ቢሮዎ ገብቼ፣ ክቡር ሆይ፣ ፊርማው የኔ ነውና አስተዋጽኦዬ በሰነድ የተረጋገጠ ነው ስልዎ፣ ከተሽከርካሪው ወንበር ተነሥተው በሩን በገዛ እጅዎ ዘጉልኝ። በሠላሳ አራት ዓመት ውስጥ ዲን በር ሲዘጋልኝ የመጀመሪያዬ ነውና አመሰግናለሁ። ከዚያም በለሰለሰ አንደበት "እናታችን፣ ለትምህርት ክፍሉ ክብር ሲባል ዝም ይበሉ፤ ዝም አይነቅዝም" ብለው መከሩኝ። ዝም ስል ወንበሬ ይቆየኛል ወይ ብዬ ስጠይቅዎ ደግሞ ነገሩን እንደ ጥሩ መምህር ከፋፍለው አስረዱኝ። ፊርማው የኔ ካልሆነ አስተዋጽኦ የለኝም፣ ስለዚህ መጋዘን እወርዳለሁ። የኔ ከሆነ ደግሞ በኃላፊ ስም የተሠራ ሐሰተኛ ሰነድ ነው፣ ስለዚህ የሕግ አገልግሎት ይመለከተዋል።

ከቢሮዎ ወጥቼ ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ይህን የምጽፈው እንዲያዝኑልኝ አይደለም፤ የሆነው ስለሆነ ነው። ብዙ ነገር ተብያለሁ፤ ቀርፋፋ ተብያለሁ፣ አፈኛ ተብያለሁ፣ አንድ ጊዜም ጋሼ ነጠላ ሰረዝ ተናደው ሊሰድቡኝ ጀምረው ሳይጨርሱት ቀርተዋል። ሐሰተኛ ግን ተብዬ አላውቅም። አንድም ውጤት ከተሰጠው ላይ አልጨመርኩም፣ አልቀነስኩም። ለወንድሜ ልጅ እንኳ፣ በዚያው ክፍል በአንድ ነጥብ ሲወድቅ፣ የመውደቂያ ደብዳቤውን በዚችው እጄ ፈርሜ፣ እናቱ ሁለት ዓመት አኩርፋኝ ነበር።

ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል፤ እኔ እንኳ አጥርም የለኝ፣ ጠረጴዛ ነው ያለኝ። ያ ፊርማ በጢም ሲሆን ወርቃማ ዘመን፣ በኔ ሲሆን ወንጀል የሚሆንበትን ምክንያት ከአምስቱ ዶክተሮች አንዱ በአሥራ አንድ ገጽ ቢያስረዳኝ አነብ ነበር። በታሪኩ ውስጥ የለችም፣ ወንጀሉን ግን የሠራችው እርሷ ናት ማለት ለኔ ብቻ ሳይሆን ለመጽሐፉም አይመችም።

ስለዚህ ልመናዬ ይህ ነው። አዳራሹ ባለበት ስም ይጠራ፤ ጢሙም ይቆይ፤ ሠዓሊው ደክሞበታል። ቁም ሣጥኑም ልደቱ ይከበርለት። እኔን አሥራ አራት ወር ብቻ ወንበሬን ተዉልኝ። በየሳምንቱ ከየሄዱበት የሚመለሱ የድሮ ተማሪዎች አሉ፤ ማስረጃ የጠፋባቸው፣ የድጋፍ ደብዳቤ የሚፈልጉ፣ አንዳንዶቹ ልጆቻቸውን ይዘው የሚመጡ። በሩን ከፍተው መጀመሪያ የሚያዩት እኔን ነው፤ "እማማ፣ አሁንም አሉ?" ይሉኛል፤ አለሁ እላቸዋለሁ። ይህን መልስ አሥራ አራት ወር ልበለውና ከዚያ በኋላ በራሴ እግር ደረጃውን ወርጄ እሄዳለሁ። ወንበር ለመቁጠር መጋዘን ውስጥ ሌላ ሰው አይጠፋም።

ዕድሜና ጤና፣ ለስላሳ ወገብና ምልዓተ ጉባኤ የማያጣ ስብሰባ እየተመኘሁልዎ፣ ቢሮዎን ያለ ቀጠሮ ለረገጡ እግሮቼ፣ በዲን ፊት ለተንቀጠቀጠው ድምፄና ለዚህም ደብዳቤ ርዝመት በትሕትና ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ከዚህ በታች እንደ ወትሮው ሽቅብ በሚወጣው ፊርማዬ ፈርሜአለሁ።

ታዛዥዎ፣
እማማ ማኅተም
የትምህርት ክፍሉ ጸሐፊ (ለቀጣዮቹ አሥራ አንድ ቀናት)

ግልባጭ፦
– ለዶክተር ተምሳሌት፤ ይህ ደብዳቤ ደብዳቤ ብቻ መሆኑን፣ ተምሳሌት አለመሆኑን እየገለጽኩ
– ለጋሼ ነጠላ ሰረዝ፤ አንብበው እስኪጨርሱ እታገሣለሁ
– ለሕግ አገልግሎት
– ለንብረት መጋዘን፤ ለጊዜው ወንበር እንዳያዘጋጁልኝ
– ለኮሪደሩ ማስታወቂያ ሰሌዳ፤ በቀኝም በግራም

ድኅረ ጽሑፍ፦ የሕግ አገልግሎት ትናንት ደውሎ፣ ፊርማውን ለማመሳከር ከነዚያ ዓመታት አንድ ጥርት ያለ ናሙና እንዳቀርብ ጠይቆኛል። ትዕዛዝ ነውና ፈለግሁ። ብዙዎቹ ደብዝዘዋል፤ ጥርት ብሎ ያገኘሁት በአንድ መመረቂያ ጽሑፍ ማጽደቂያ ገጽ ላይ ያለው ብቻ ነው። ጽሑፉ በገበያ ነጋዴዎች እርግማንና ምርቃት ላይ የተሠራ ሲሆን፣ የቋንቋው ክንፍ "ጥሩ ነው፣ ግን ሥነ ጽሑፍ ነው" ብሎ፣ የሥነ ጽሑፉ ክንፍ "ጥሩ ነው፣ ግን ቋንቋ ነው" ብሎ ሁለቱም ነጥቡን በብጣሽ ወረቀት ሰጥተው ፊርማቸውን ከልክለውት ነበር። ምረቃው በማግስቱ ነበር። የጽሑፉ ባለቤት ጠረጴዛዬ ፊት ቆሞ "እትዬ፣ አባቴ ሁለት ቀን ተጉዞ መጥቶ ግቢው በር ላይ ተቀምጧል፤ ምን ብዬ ልንገረው?" ሲለኝ ሁለቱን ብጣሾች አየሁ፤ ሁለቱም ጥሩ ነው ይላሉ። የተየብኩትም እኔ ስለሆንኩ ጥሩ መሆኑን አውቅ ነበር፤ በተለይ ሦስተኛው ምዕራፍ። ፈረምኩ። ከምረቃው በኋላ አባትዎ ቢሮዬ ድረስ መጥተው ጉንበስ ብለው እጄን ሊስሙ ሲሉ ከለከልኳቸው፤ ያስታውሱ እንደሆነ አላውቅም።

ያንን ፊርማ አልሽረውም፣ ክቡር ሆይ፤ ጽሑፉ ዛሬም ቢመጣልኝ እፈርምበታለሁ። ሐሰተኛ ነው ተብሎ ከተወሰነ ግን እኔ ወደ መጋዘን ስወርድ እርስዎም ለአራተኛ ዓመት እንደገና መመዝገብ ይኖርብዎታል። ቅጹ መሳቢያዬ ውስጥ አለ፤ አሥራ አንዱ ቀን ሳያልቅ ብቅ ካሉ ያለ ሰልፍ እሞላልዎታለሁ።